ዕጣው የወጣው ለእሷ ነው

አምና ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ጋዜጣ ሳገላብጥ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ በእጁ ታብሌት የያዘ ወጣት ቆሟል። ለናሙና ጥናት መምጣቱን፣ ቤታችን በዕጣ ከተመረጡት ቤቶች አንዱ መሆኑን፣ ፈቃዳችን ከሆነ ስለ ኑሮና ስለ መንግሥት አገልግሎት የተወሰኑ ጥያቄዎች እንደሚያቀርብ በትሕትና ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳስተምርና ስጽፍ ኖሬ፣ “ያንተ አስተያየት ምንድን ነው?” ብሎ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

“ግባ ልጄ፣ ግባ” አልኩት። ባለቤቴም ቡና ይፈላ ብላ አዘዘች።

ልጁ ተቀመጠና በመጀመሪያ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩትን፣ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሰዎች እንድዘረዝርለት ጠየቀኝ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄ፣ አማቴ፤ አራት ነን አልኩት።

“ሌላስ ጋሼ? እዚሁ የሚያድር፣ ከእናንተው ጋር የሚበላ ሰው የለም?”

“የለም።”

ይህን ስል ሠራተኛችን ከሰል ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ልጁ ቀና ብሎ አያት።

“እሷስ?”

“እሷማ ሠራተኛችን ናት።”

“የምታድረው እዚህ ነው?”

“አዎ።”

“ዕድሜዋስ ስንት ነው?”

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንጀራችንን የጋገረችልንን ልጅ ዕድሜ ሁለታችንም አናውቅም። “ሃያ ሁለት” አለች እሷው ራሷ፣ ከሰሉን መሬት እያስቀመጠች።

ልጁ አምስተኛ አድርጎ መዘገባትና ታብሌቱን አንድ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ “ጋሼ፣ ዕጣው የወጣው ለእሷ ነው” አለኝ።

መቼም የዚያን ዕለት የተናገርኩትን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። “እንዴት ነው ነገሩ? እሷ ምን ታውቃለች ብለህ ነው? እኔን ጠይቀኝ እንጂ፤ ስለ ኑሮ ውድነቱም፣ ስለ ቀበሌውም፣ ስለ ሆስፒታሉም የፈለግኸውን እነግርሃለሁ” አልኩት። ልጁ አልተቆጣም። “ጋሼ፣ እርስዎን ባነጋግር ደስ ባለኝ፤ ግን አይፈቀድልኝም” አለ። ባለቤቴ ደግሞ “ሥራ ላይ እኮ ናት” አለችው። “ካልተመቻት ተመልሼ እመጣለሁ እትዬ። ዛሬ ካልሆነ ነገ።” ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ “ፈቃድሽ ከሆነ ነው፤ ካልፈለግሽ መተው ትችያለሽ” አላት። እሷ እኛን አየችን፤ ቀጥላ እሱን አየችው። “እሺ” አለች። ልጁ ለብቻቸው እንድንተዋቸው ጠየቀን። እኔም የገዛ በረንዳዬን ለቅቄ ወደ ቤት ገባሁ።

እናላችሁ፣ ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። ይህ ልጅ አንድ የቀድሞ መምህር “ልናገር” እያለ ሲለምነው እምቢ ብሎ፣ መናገር የማትፈልግ ልጅ ፊት “ተመልሼ እመጣለሁ” እያለ የሚለማመጠው ለምንድን ነው? ይህን ደንብ ማን አወጣው? እኔ በትምህርቴ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ። በእኛ ቤት አንድ ሰው ለሺህ ሰው ይቆማል፤ ደራሲው አንዲት ባልቴት ይመርጥና በእሷ በኩል የአንድን ዘመን ሴቶች ሁሉ ያሳየናል። ደራሲ ይመርጣል፤ ሙያው ነው። የጥናት ሰዎች ግን ላለመምረጥ ይህን ያህል የሚጨነቁበትን ምክንያት ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (የውጭ አገሩን ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በእኛው እጽፋለሁ።)

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ስለ ሕዝብ ለማወቅ የተከበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁሉንም መቁጠር። እንግሊዛዊው ሲቦም ሮውንትሪ የቸኮላታ ፋብሪካ ባለቤት ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1899 በተወለደባት በዮርክ ከተማ ድህነት ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ፈለገና ሰዎቹን የሠራተኛ ቤቶችን በሙሉ አንድ በአንድ እንዲዞሩ አሰማራ። 11,560 ቤተሰቦች፣ 46,754 ሰዎች ተመዘገቡ። ከከተማዋ ነዋሪ 28 በመቶ ያህሉ በድህነት እንደሚኖር ታወቀ፤ ድህነት የለንደን ጉድ ብቻ ነው ሲል የኖረው የእንግሊዝ ሰው ደነገጠ። ጥሩ ሥራ ነበር። ነገር ግን በአንዲት ከተማ ይህን ያህል ቤት ከተንኳኳ፣ አገር ሙሉ ለማንኳኳት ማን አቅም አለው?

መልሱን ይዞ ብቅ ያለው የኖርዌይ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አንደርስ ኪየር ነበር። በ1895 የዓለም የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ሲሰበሰቡ፣ ሁሉን ከመቁጠር ይልቅ የአገሪቱ ትንሽ ምስል የሚሆን ክፍል ተወስዶ በጥልቀት ቢጠና ይበቃል አላቸው። ሊቃውንቱ ተነሡበት። በተለይ ጀርመናዊው ጌኦርግ ፎን ማየር ሙሉ ቆጠራን በከፊል ምልከታ መተካት አደገኛ ነው ብሎ ተከራከረ። አትፍረዱባቸው፤ ያልታየው ሰው በታየው ሰው አፍ ይናገራል ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ኪየር ግን በየስብሰባው እየተመላለሰ ስለተሟገተ፣ በ1903 በርሊን ላይ ዘዴው ተቀባይነት አገኘ። አንድ ሁኔታ ግን ተያይዞበት ነበር፦ ውጤቱን የሚያሳትም ሰው፣ የተጠየቁት ሰዎች በምን መንገድ እንደተመረጡ በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህች ቃል ዛሬም በየጋዜጣችን “ጥናት አረጋገጠ” እያልን ለምንጽፈው ሁሉ ብትሠራ ምን ነበረበት!

ቀጣዩ አርተር ቦውሊ ነው፤ የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት መምህር። በ1912 ሬዲንግ በምትባል ከተማ የሠራተኞችን ኑሮ ሲያጠና፣ ቤቶቹን በዝርዝር አስቀምጦ ከየ20ው አንዱን ወሰደ። እኔን ያስገረመኝ ግን ለጠያቂዎቹ ያወጣው ደንብ ነው። በዝርዝሩ ላይ ምልክት የተደረገበትን ቤት፣ መረጃ ማግኘቱ ምንም ያህል ቢያስቸግር፣ በሌላ ቤት መተካት ክልክል ነው አለ። እንግዲህ የኔ በረንዳ ላይ “አይፈቀድልኝም” ያለው ልጅ አያት ተገኘ ማለት ነው!

ለምን ከለከለ? እስቲ ነገሩን አስቡት። ጠያቂው ምልክት ወደተደረገበት ቤት ይሄዳል፤ በሩ ዝግ ነው። ጎረቤቷ ደጃፏ ላይ ቆማ ቡና ጠጣ ትለዋለች። እሷን ቢጠይቅ ምን አለበት? አለበት። በሩ የተዘጋው ሰዎቹ ሥራ ስለሄዱ ይሆናል፣ ስለታመሙ ይሆናል፣ እንግዳ ማየት ስለማይፈልጉ ይሆናል። በዝግ በር ፈንታ ክፍት በር ብቻ ሲጠየቅ ቢዋል፣ ማታ ላይ የሚሰበሰበው የከተማዋ ሳይሆን ቤት የዋለና እንግዳ የሚወድ ሰው ኑሮ ብቻ ነው። እህል በረንዳ ሄዳችሁ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። ልምድ ያለው ገዢ ከከረጢቱ አፍ ላይ በእፍኙ ዘግኖ አይረካም። ጫፉ የሾለ፣ መሐሉ ቦይ ያለው ብረት ይዞ ከረጢቱን ጎኑን፣ መሐሉን፣ ታቹን ይወጋና የሚወጣውን ፍሬ መዳፉ ላይ ያየዋል። ነጋዴው ነጩን ጤፍ ከላይ እንደሚያደርገው ያውቃላ! ከተማም እንደዚያው ነው፤ ከላይ ያለው ሁልጊዜ ተናጋሪው ነው።

ሮውንትሪ ራሱ በኋላ ፈተናውን ሠርቶታል። በ1936 ዮርክን እንደገና ቤት ለቤት አጠናና፣ ከሞላቸው ቅጾች መካከል ከየ10ሩ አንድ፣ ከየ20ው አንድ፣ ከየ30ው አንድ እያወጣ ውጤቱን ከሙሉው ጋር አስተያየው። በአብዛኛው ይቀራረብ ነበር። በ1950 ለሦስተኛ ጊዜ ሲያጠና ሁሉንም ቤት መዞሩን ተወው።

ታዲያ “ዕጣ ከምጥል ይልቅ አዋቂ ሰው አስተውሎ ቢመርጥ አይሻልም ወይ?” የሚል ይኖራል። ይህንንም የሞከሩ አሉ። በ1920ዎቹ የኢጣሊያ መንግሥት የ1921ን ቆጠራ ሰነዶች ለአዲሱ ቆጠራ ቦታ ለማስለቀቅ ሊያስወግድ ሲነሣ፣ ለታሪክ የሚቀር ናሙና እንዲወሰድ ተፈለገ። ሥራው የተሰጠው ለኮራዶ ጂኒና ለጋልቫኒ ነው፤ ጂኒ ዛሬ የሀብት ልዩነት የሚለካበት መለኪያ በስሙ የሚጠራለት ታላቅ ሊቅ ነው። ሁለቱ ከ214 አውራጃዎች 29ኙን መረጡ። አመራረጣቸው እንዲሁ አልነበረም፤ በሰባት ዋና ዋና መመዘኛዎች አማካያቸው ከአገሪቱ አማካይ ጋር እንዲገጥም ተጠንቅቀው ነው። ኋላ ሌሎቹን ነገሮች ሲያመሳክሩ ግን አልገጠመም። ባሰቡበት በኩል አገሪቱን መሰለ፤ ባላሰቡበት በኩል አልመሰለም።

በ1934 የርዚ ኔይማን የተባለ ፖላንዳዊ የሒሳብ ሰው ለንደን ውስጥ በንጉሣዊው የስታቲስቲክስ ማኅበር ፊት ባቀረበው ጽሑፍ ምክንያቱን አፍረጥርጦ አሳየ። የሚመርጠው ሰው ምንም ሊቅ ቢሆን፣ የሚያመሳስለው የሚያውቀውን ብቻ ነው። ዕጣ ግን የምናውቀውንም የማናውቀውንም እኩል ያገላብጣል። ከዚያም በላይ፣ እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድሉ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ውጤቱ ከእውነቱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል በሒሳብ ማስላት ይቻላል። በትክክል ዕጣ የወጣላቸው 1,000 ሰዎች መልስ ከ100 ጊዜ 95 ጊዜ ያህል፣ ከእውነተኛው በመቶ 3 ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ርቀት ውስጥ ይወድቃል። ሕዝቡ አንድ ሚሊዮን ቢሆን መቶ ሚሊዮን ቢሆን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ወጡ በደንብ ከተማሰለ፣ ድስቱ ቢተልቅም ጨው የሚቀመሰው ያው በአንድ ጭልፋ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልበል። ይህን አሠራር በአማርኛ “የዘፈቀደ ናሙና” እያሉ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። “ዘፈቀደ” ግዕዝ ነው፤ “የፈቀደውን፣ የወደደውን” ማለት ነው። በዘፈቀደ የሚሠራ ሰው ደስ እንዳለው የሚሠራ ነው። የቦውሊና የኔይማን ድካም በሙሉ ደግሞ የመራጩን ፈቃድ ከነገሩ ለማውጣት ነበር። ቃሉ ሊገልጸው የተነሣውን ነገር ተቃራኒ ይዞ ተገኘ ማለት ነው። “የዕጣ ናሙና” ብንለው ምን ይጎድልብናል? ዕጣን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። በይሁዳ ቦታ ማትያስ በዕጣ እንደገባ ከመጽሐፍ ሰምቶ ያደገ፣ በየሳምንቱ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ የሚያይ ሕዝብ ነው። የዕቁብ ዳኛ ዕጣ የሚያስወጣው ለማን መስጠት እንዳለበት ማሰብ ስላቃተው አይደለም፤ ካሰበ ለወዳጁ እንደሚያደላ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

ዕጣን የናቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያሳየው ታላቁ ውርደት በአሜሪካ በ1936 የደረሰው ነው። “ሊተራሪ ዳይጀስት” የሚባል ታዋቂ መጽሔት ነበር። ምርጫ ሲቃረብ ለሕዝብ የድምፅ መስጫ ካርድ በፖስታ እየላከ አሸናፊውን አስቀድሞ ይናገራል፤ በ1932ም ልክ ሆኖለታል። በ1936 ወደ 10 ሚሊዮን ካርድ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሞልቶ ተመለሰለት።  መጽሔቱም አልፍ ላንደን 57 በመቶ አግኝቶ ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ምርጫው ሲካሄድ ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አገኘ። ላንደን ከ48ቱ ግዛቶች ያሸነፈው በሁለቱ ብቻ ነበር።

ምን ነካው? አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ ያ ደግሞ የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ነው። ስልክ የሌለው፣ መኪናውን የሸጠው፣ ለሩዝቬልት የሚጸልየው ድሃ ካርዱ አልደረሰውም። ለብዙ ዓመታት የተነገረው ምክንያት ይህ ብቻ ነበር። በ1988 ግን ፔቨሪል ስኳየር የተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ በ1937 የተሰበሰበ መረጃ አውጥቶ ሲያጠና ሌላም ተገኘ። ካርዱ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል ሞልተው የመለሱት በብዛት የላንደን ደጋፊዎች ነበሩ። የተቆጣ ሰው ይጽፋል፤ የረካ ሰው ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ይወረውራል። ስለዚህ መጽሔቱ የተሳሳተው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በዝርዝሩ፣ አንዴ በመላሾቹ። 2 ሚሊዮን መልስ ከዚህ አላዳነውም፤ ስሕተት በብዛት ሲባዛ ይገዝፋል እንጂ አይታረምም። መጽሔቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕልውናው አከተመ።

ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ “ሕዝቡ ምን አለ?” ብለን የአስተያየት ብዛት ስንቆጥር፣ በየቀኑ አዲስ ሊተራሪ ዳይጀስት እያሳተምን መሆናችንን ልብ ብለነው እናውቃለን?

ያን ዓመት ከመጽሔቱ በጣም ባነሰ ሰው ጠይቆ ሩዝቬልት ያሸንፋል ያለው ጆርጅ ጋላፕ ነበር፤ ስሙም ገነነ። ግን እሱም ቢሆን ዕጣ አልጣለም ነበር። የእሱ ዘዴ ኮታ ነው፤ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሀብታም፣ ይህን ያህል ድሃ ጠይቅ ብሎ ለጠያቂው ይሰጠዋል። ኮታውን በማን እንደሚሞላው ግን ለጠያቂው ተትቷል። ጠያቂ ደግሞ ሰው ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ድሃ ትቶ ምድር ቤት ያለውን ድሃ ይጠይቃል፤ ፊቱ የተፈታውን፣ ልብሱ የጸዳውን ይመርጣል። በ1948 ይኸው ነገር ዋጋ አስከፈለ። ጋላፕ ዲዊ 49.5 በመቶ፣ ትሩማን 44.5 በመቶ ያገኛሉ አለ። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ትሩማን ወደ 50 በመቶ ተጠጋ፣ ዲዊ 45 ላይ ቀረ። አንድ የቺካጎ ጋዜጣማ ውጤቱን ሳይጠብቅ ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ ብሎ አትሞ፣ ትሩማን ያንኑ ጋዜጣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እየሳቀ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ ከተነሡት ጥፋቶች አንዱ ጠያቂዎቹ ጥናቱን አስቀድመው ማቆማቸው ሲሆን፣ ሌላው ይኸው የኮታው አመራረጥ ነበር።

የከተማው ምርጫ ከጠያቂው እጅ ወጣ፤ የቤቱ ምርጫም ወጣ። አንድ በር ግን ቀረ፤ በቤቱ ውስጥ ማን ይናገር? ሁልጊዜ በር የከፈተው ከተጠየቀ ቤት የሚውሉት ብቻ ይጠየቃሉ። አባወራው ብቻ ከተጠየቀ ደግሞ አገሪቱ የአባወራዎች አገር ትሆናለች። ይህን በር የዘጋው ሌስሊ ኪሽ ነው። በያኔዋ ሃንጋሪ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከሪፐብሊኩ ወገን ቆሞ የተዋጋ ሰው ነው። በ1949 አንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ አሳተመ። ጠያቂው በቤቱ ያሉትን አዋቂዎች በሙሉ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይመዘግባል፤ ሰንጠረዡ ስንተኛው ሰው እንደሚጠየቅ ይነግረዋል። አዋቂ ነኝ ባዩም፣ ዝምተኛውም፣ አያቲቱም እኩል ዕድል አላቸው። በረንዳዬ ላይ በዚያ ልጅ ታብሌት ውስጥ የነበረው የዚያች ሰንጠረዥ የልጅ ልጅ ነው። እኔን በጨዋ ደንብ ከወንበሬ ያስነሣኝ እሱ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ናሙና ለኛ ከቆጠራ ይቀድማል። ሕዝባችን በሙሉ ተቆጥሮ በማያውቅበት ዘመን፣ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያውን ዙር ብሔራዊ የናሙና ጥናት ከ1956 እስከ 1959 ዓ.ም. አካሂዷል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የመጣው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜም በጸጥታ ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው ቦታዎች ስለነበሩ በቀጥታ የተቆጠረው ከሕዝቡ 81 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚያ በ1987፣ ከዚያም በ1999 ዓ.ም. ተቆጠርን። ቆጠራ ለናሙና ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። ቆጠራ ዝርዝሩ ነው፤ የዕጣ መጣያው ማሰሮ እሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ብንወስድ፣ ለ1999ኙ ቆጠራ አገሪቱ ከተከፈለችባቸው 84,915 የቆጠራ ቦታዎች 645ቱ በዕጣ ወጡ። በየቦታው ያሉት ቤቶች እንደገና ተመዘገቡ፤ ከእያንዳንዱ ቦታ 28 ቤት ተወሰደ። 15,683 ሴቶች ተጠየቁ። ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት በወሊድ ሞተች እየተባለ በየስብሰባው የሚጠቀሰው አኀዝ ከነዚህ ሴቶች አፍ የወጣ ነው።

ዝርዝሩ ከተበላሸ ዕጣው ምን ያህል ንጹሕ ቢሆን ዋጋ የለውም። ይህንን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በዓይናችን አይተነዋል። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ በአደባባይ ወጣ፤ እልል ተባለ። ከቀናት በኋላ የማይገባቸው ሰዎች ስም ከዝርዝሩ ገብቶ ተገኘና ዕጣው ተሰረዘ። እዚያ ችግሩ የማይገባው ሰው መግባቱ ነበር። በጥናት ዓለም የሚከፋው ደግሞ የሚገባው ሰው መቅረቱ ነው፤ የቀረ ሰው አቤት አይልማ!

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ምክር ቤቱ እንደገና እንዲተላለፍ ወሰነ፤ ይህን እስከምጽፍበት ድረስ አልተካሄደም። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አጭር የጤና ጥናት እንኳ ዕጣውን የጣለው ላልተካሄደው ቆጠራ በተዘጋጀው ካርታ ላይ ነው፤ ከ149,093 ቦታዎች 305ቱን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በጦርነትና በግጭት ሚሊዮኖች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ በከተሞች ዳርቻ አዳዲስ ሰፈሮች በቅለዋል፤ አሮጌዎቹ ፈርሰዋል። ካርታው የሚያውቀው መንደር ባዶ፣ የማያውቀው መንደር ሙሉ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ እንዲህ ያለ ጥናት የሚጀምረው ከቤት ነውና ቤት የሌለው ሰው ከመነሻው የለበትም። የጎዳና ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሚያድር ችግረኛ፣ የወህኒ ቤት እስረኛ፣ በካምፕ ያለ ወታደር ማሰሮው ውስጥ ስማቸው አልገባም። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የጤና ጥናትም በሶማሌ ክልል ናሙናው የተወሰደው ከዘጠኙ ዞኖች በሦስቱ ብቻ ነበር። የጥናቱ ሰዎች ይህን በዘገባቸው ጽፈውታል፤ በርሊን ላይ የተባለውን አክብረዋል። እኛ ግን አኀዙን ስንጠቅስ ያቺን አንቀጽ እንዘላታለን።

እንግዲህ ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልጠይቅ። “ሕዝቡ ተማርሯል”፣ “ወጣቱ ማንበብ ትቷል”፣ “የዘንድሮ ሰው መተማመን አጥቷል” እያልኩ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ? ያ “ሕዝብ” ማን ነበር? ካፌ አብረውኝ የሚቀመጡት አራት ወዳጆቼ፣ አንድ የታክሲ ሾፌር፣ በስልክ ያመሰገኑኝ ወይም የሰደቡኝ ጥቂት አንባቢዎች። ከከረጢቱ አፍ በእፍኜ እየዘገንኩ ከረጢቱ ይኸው ነው ስል ኖርኩ። በገዛ ቤቴ፣ ስንት ሰው አለ ተብዬ ስጠየቅ፣ አምስተኛዋን ሰው ረስቻት ነበር። ረስቻት እንኳ ብል ውሸቴን ነው፤ “የለም” ስል ከሰል ይዛ ስትመጣ አይቻታለሁ።

ያን ቅዳሜ ልጅቷ አንድ ሰዓት ያህል አወራች። እኔና ባለቤቴ ጓዳ ገብተን ቡናውን ለማፍላት ስንታገል ገነፈለብን። በመስኮቱ በኩል አንድ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት፤ ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ቆይቶ ልጁ አመስግኖን ሄደ፤ እሷም ገብታ ጀበናውን ከባለቤቴ እጅ ተቀበለች። ምን እንደጠየቃት፣ ምን እንደመለሰችለት አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። የሆነ ቦታ፣ በሆነ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ከመቶው አንዱ ክፍልፋይ የእሷ ቃል ነው። ምናልባትም ለብዙ ሺህ የቤት ሠራተኞች የቆመች እሷ ብቻ ትሆናለች። እኔ በእሷ ቦታ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ሁሉ በኔ አፍ ይናገሩ ነበር።

ከእንግዲህ ቤታችሁ ስንት ሰው አለ የሚል ቢመጣ፣ አምስት ነን እለዋለሁ።